«ቴክ»፣ «ወሰደ» እና «ነሣ»፦ የመውሰድ ግሦች ታሪክ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

1. መግቢያ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ቴክ» የሚለው ግስ በፊደል ቁጥር ከአጫጭሮቹ ቃላት አንዱ ነው። በታላላቅ መዛግብተ ቃላት ውስጥ የሚሰጠው ማብራሪያ ግን ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። የቋንቋው ተናጋሪ መድኃኒቱንም፣ ፈተናውንም፣ አውቶቡሱንም፣ ፎቶግራፉንም፣ ምርኮኛውንም፣ ዕረፍቱንም፣ ሻዩንም በዚሁ በአንድ ግስ ይገልጣል። አማርኛ ተናጋሪ በበኩሉ መድኃኒቱን ይጠጣል ወይም ይውጣል፤ ፈተናውን ይፈተናል፤ አውቶቡሱን ይሳፈራል፤ ፎቶግራፉን ያነሣል፤ ምርኮኛውን ይማርካል፤ ከድካሙ ያርፋል፤ ሻዩንም ይጠጣል። አንዱ ቋንቋ ባንድ ግስ የጠቀለለውን ሌላው ለብዙ ግሦች አከፋፍሎ ይዞታል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት ይሞክራል። አንደኛው፣ አማርኛ የመውሰድን ተግባር ለተለያዩ ግሦች ያከፋፈለበት መንገድ በዘፈቀደ የመጣ ሳይሆን የራሱ ታሪክና ሥርዓት ያለው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ባለፉት ሰማንያ ያህል ዓመታት የእንግሊዝኛው «ቴክ» በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በራዲዮ በኩል ገብቶ በእኛው «ወሰደ» ላይ መደረቡንና ይህም የራሱ መዘዝ እንደነበረው ነው። ምሳሌዎቹን የምወስደው (ይህ አነጋገር ራሱ ከየት እንደመጣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ) በሰሜን ወሎ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሌሎች የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ነው። ወልድያ የቀድሞው የየጁ አውራጃ፣ ዛሬም የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች።

ወደዚህ ጥናት የገፋፋኝ አንድ ስሕተት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ተማሪዎቼ «ያን ዓመት እግዜር ዝናብ ነሣን» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ አዘዝኩ። እኔ የጠበቅሁት «ከለከለ» የሚል ፍች ያለውን የእንግሊዝኛ ግስ ነበር። ከቆላው የመጣ አንድ ተማሪ ግን «ቴክ» የሚለውን በኃላፊ ጊዜ አርብቶ፣ «እግዜር ዝናቡን ከእኛ ወሰደ» የሚል ሐሳብ ያለው ዐረፍተ ነገር ጻፈ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩበትና በኅዳጉ ላይ «ነሣ ማለት ከለከለ እንጂ ወሰደ ማለት አይደለም» ብዬ ጻፍኩለት። ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣና «መምህር፣ የእኛ ያልነበረን ነገር እንዴት ይነሡናል?» ሲል ጠየቀኝ። የሰጠሁትን መልስ ዛሬ አላስታውሰውም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ኖሯል።

2. የግእዙ መነሻ

ግእዝ ለመውሰድ የሚጠቀምባቸው ዋና ዋና ግሦች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ እነርሱም ነሥአ፣ አኀዘ እና ወሰደ ናቸው።

ነሥአ ዋናው የመውሰድ ግስ ነው። አንድን ነገር ከነበረበት ማንሣትን፣ መቀበልን፣ የራስ ማድረግን ያመለክታል። በቅዱሳት መጻሕፍት እንጀራን ለመብላት፣ ሚስትን ለማግባት፣ መሣሪያን ለመታጠቅ የሚገባው ግስ ይኸው ነው። ከዚሁ ሥር ተንሥአ (ተነሣ፣ ቆመ) እና ትንሣኤ የሚሉት ወጥተዋል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል ሕዝቡ የሚቆመው በዚሁ ግስ ነው።

አኀዘ መጨበጥን፣ መያዝን፣ በእጅ አጥብቆ ማቆየትን ያሳያል። በአማርኛ ያዘ ሆኖ ቀርቷል።

ወሰደ በግእዝ በተለይ መምራትን፣ ይዞ መሄድን፣ ወደ አንድ ቦታ ማድረስን የሚያመለክት ነው። በዚህ ግስ ውስጥ ከእጁ ይልቅ እግሩ ይበልጣል። የሚወስድ ሰው ይሄዳል፤ የሚወሰደውም አብሮት ይሄዳል።

አማርኛ እነዚህን ሦስቱንም ወርሷል። በውርሱ ላይ ግን ታላቅ ሽግሽግ አድርጓል። ወሰደ ከመምራት ተነሥቶ የመውሰድ ሁሉ አጠቃላይ ስም ሆነ። ነሥአ የቀድሞ ቦታውን ለወሰደ ለቀቀና ነሣ ሆኖ በጠባቡ፣ ማለትም በመከልከልና በማሳጣት ትርጉም ቀረ። አነሣና ተነሣ የሚሉት እርባታዎቹ ግን ከመሬት ወደ ላይ የማድረግና የመሆን ትርጉማቸውን እንደ ጠበቁ ናቸው። እንግዲህ ተማሪዬ ነሣን በ«ቴክ» ሲተረጉም ከዘመኑ አማርኛ አንጻር ቢሳሳትም ከቃሉ ታሪክ አንጻር ትክክል ነበር። ማሳጣት የሚለው ትርጉም የተወለደው ከመውሰድ ነው፤ ከሰው ላይ የተወሰደ ነገር ለዚያ ሰው የታጣ ነገር ነውና።

ይህን የመሰለ የግሦች መተካካት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛም በጥንቱ ዘመን ለመውሰድ የሚጠቀምበት ዋናው ግስ «ኒማን» የሚል ነበር፤ የጀርመንኛው «ኔመን» ዘመድ ነው። «ቴክ» ከስካንዲኔቪያ የመጣ እንግዳ ቃል ሲሆን፣ በ9ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሠፈሩት የሰሜን ሰዎች ይዘውት የገቡት ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በ11ኛው መቶ ዓመት መታየት ጀምሮ ቀስ በቀስ ነባሩን «ኒማን» ከቦታው አስነሣው። የጥንቱ ግስ ትቶት ያለፈው ምልክት «ነም» የሚለው ቅጽል ነው፤ ዛሬ «የደነዘዘ፣ ስሜት ያጣ» ማለት ሲሆን መነሻው «የተወሰደ» ማለት ነበር። በሁለቱም አገር ነባሩ የመውሰድ ግስ ሲሸሽ የተጠጋው ወደ ማጣት መሆኑን ልብ ይሏል። በእንግሊዝኛ ስሜቱ የተወሰደበት አካል፣ በአማርኛ ዝናብ የተነሣ አገር።

የአማርኛን ግሦች በመዝገበ ቃላት የማስፈሩ ሥራም ከወሎ ምድር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት ላሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ዋና ምንጩ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ይኸውም በዛሬው ደቡብ ወሎ የሚገኝ ነው። ከዚያ በኋላ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሁለት ጠቃሚ መዛግብት፣ የዎልፍ ሌስላው እና የአምሳሉ አክሊሉ (ከሞስባክ ጋር)፣ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዓመቱ በወሎ በምን እንደሚታወቅ እመለስበታለሁ።

3. ግሦቹ በአገሬው አንደበት

ወሰደ የግእዝ ዝምድናውን በአገሬው አነጋገር ዛሬም አልረሳም። አንድ መንገደኛ በመርሳ ቆሞ «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ብሎ ሲጠይቅ «ወልድያ ይወስድዎታል» የሚል መልስ ያገኛል። መንገዱ ምንም ነገር በእጁ አይዝም፤ ይመራል እንጂ። ይህ ጥንታዊው ወሰደ ነው። እንደዚሁም በክረምት አላውሃ ሲሞላ «ውሃ ወሰደው» ይባላል፤ ሰውየው ወደማይታወቅ ቦታ ተመርቶ ሄዷልና። «እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንቅልፍ ይዞ ይሄዳል፤ ሲነቁ ይመልሳል። አእምሮው የማይረጋ ሰው «ወሰድ መለስ ያደርገዋል» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ወሰደ ሁልጊዜ መነሻና መድረሻ ያለው የጉዞ ግስ መሆኑን ነው። ተቃራኒዎቹ አመጣና መለሰ ናቸው። ተወስዶ ያልተመለሰ ነገር «ቀረ» ይባላል። ስለዚህ ወሰደ በተባለ ቁጥር «ወዴት?» እና «ይመለሳል ወይ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ባይነገሩም አሉ።

ያዘ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ያዘ ጉዞ የለበትም፤ ባለበት ያቆማል። በሀብሩ ቆላ «ወባ ያዘው» ይባላል እንጂ «ወባ ወሰደው» ከተባለ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። አንዲት ሴት ምጥ ይይዛታል፤ ማሽላው ፍሬ ይይዛል፤ ሰው ቂም ይይዛል፤ ዛር ይይዘዋል። ከተማም ይያዛል እንጂ አይወሰድም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በገቡ ጊዜ የአገሩ ሰው የተናገረው «ወልድያ ተያዘች» ብሎ ነው፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲወጡም «ተለቀቀች» ተባለ። እንግሊዝኛ ዘጋቢ በዚህ ቦታ «ቴክ» ቢል ለቋንቋው ትክክል ነው። አማርኛ ግን ከተማ ከቦታዋ እንደማትሄድ ያውቃል። ከከተማዋ ውስጥ የሄደው ንብረት ነው፤ ለእርሱም «ተወሰደ»፣ ይበልጡንም «ተዘረፈ» ይባላል። በአንድ ወሬ ውስጥ ሦስት ግሦች ሦስት የተለያዩ ጉዳቶችን ለይተው ይመሰክራሉ ማለት ነው።

ነሣ የሚገባው ለሌላ ዓይነት ነገር ነው። «እንቅልፍ ወሰደኝ» እና «እንቅልፍ ነሣኝ» የሚሉትን ብናነጻጽር ነገሩ ይገለጣል። በመጀመሪያው እንቅልፍ ራሱ ወሳጅ ነው፤ በሁለተኛው እንቅልፍ የተወሰደው ነገር ነው። «ፊት ነሣኝ»፣ «ጤና ነሣኝ»፣ «ዕረፍት ነሣኝ» እንላለን። የሚነሣ ነገር ሁሉ ለሰው የሚገባ፣ ሊኖረው የተፈቀደ ነገር ነው። ማንም «ወርቅ ነሣኝ» ብሎ አያማርርም፤ ወርቅ የሁሉ ድርሻ አይደለምና። ዝናብ ግን የሁሉ ድርሻ ነው። ገበሬው «ዝናብ ነሣን» ሲል ዝናብ አልዘነበም ማለቱ ብቻ አይደለም፤ የድርሻችንን አጣን ማለቱ ነው። ተማሪዬ በጥያቄው የነካው ይህንን ነበር።

ከዚሁ ቤት የሆነው እጅ መንሣት ግን ወደ ክብር አዘንብሏል፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ነው። እጅ መንሻ ደግሞ ለሹም ወይም ለጌታ የሚቀርብ ስጦታ ነው። ከመውሰድ ቤት የተገኘ ቃል የመስጠት ስም ሆኖ ማየት እንግዳ ሊመስል ይችላል። በጥንቱ ሥርዓት እጅ መንሻውን የሚያቀርበው ሰው ሌላ ምርጫ እንዳልነበረው ለሚያስታውስ ግን እንግዳ አይሆንም።

አንድ ሌላ ቃል ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እንግሊዛዊ ዳቦ ሲሰጥ «ቴክ» ብሎ ያዛል። እኛ «እንካ»፣ «እንኪ»፣ «እንኩ» እንላለን። ይህ ቃል በኃላፊ ጊዜ አይነገርም፤ በሦስተኛ መደብም አይረባም። በሰጪና በተቀባይ መካከል፣ ፊት ለፊት፣ በአሁኑ ቅጽበት ካልሆነ በቀር ሕይወት የለውም። ስለ እንካ ወሬ ማውራት አይቻልም፤ እንካ ማለት ብቻ ነው የሚቻለው። አማርኛ በፈቃድ ለሚሆን መውሰድ ይህን ያህል የተለየ ቃል ማስቀመጡ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

4. የ«ቴክ» ወደ «ወሰደ» መግባት

ከጣሊያን መባረር በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣ ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትም ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ራዲዮውና ጋዜጣውም ከውጭ የዜና ወኪሎች የሚመጣውን ወሬ በየቀኑ ይተረጉማል። በእነዚህ ሦስት በሮች የገባው የእንግሊዝኛ አባባል ብዙ ነው። ከእነርሱም መካከል የ«ቴክ» ቤተሰብ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ቀድሞ ሰው ኮሶ ይጠጣ፣ ኪኒን ይውጥ ነበር፤ አሁን «መድኃኒት ይወስዳል»። ቀድሞ ይፈተን ነበር፤ አሁን «ፈተና ይወስዳል»። ሥራ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ አሁን «ጊዜ ይወስዳል»። ነገርን እንደ ስድብ ይቆጥረው ነበር፤ አሁን «እንደ ስድብ ይወስደዋል»። ይማር ነበር፤ አሁን «ሥልጠና ይወስዳል»። እኛ የቋንቋ ሰዎችም «ለምሳሌ ይህንን ብናነሣ» ማለት ሲገባን «ይህንን ለምሳሌ ብንወስድ» እንላለን። በመግቢያዬ ላይ «ምሳሌዎቹን የምወስደው» ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ይህን የምለው እንደ ወንጀል ልቆጥረው ፈልጌ አይደለም። ቋንቋ ከቋንቋ ይዋሳል። የሥነ ልሳን ሰዎቻችን ለዚህ ነገር የመረጡት «ውሰት» የሚለው ስም ራሱ ከተዋሰ እንጂ ከወሰደ የመጣ አይደለም፤ የተዋሰ መመለስ አለበትና የተዋስነው ቃል የሚመለስበት ቀን መኖሩ ግን ያጠራጥራል። ብዙዎቹ አባባሎች ምንም ጉዳት የላቸውም። ፈተና ቢወሰድም ቢፈተኑትም ያው ፈተና ነው።

ሆኖም በእነዚህ አዳዲስ አባባሎች ውስጥ ወሰደ ከባሕርዩ ተለይቷል። መድኃኒት የወሰደ ሰው ወዴትም አልወሰደውም። ጊዜ የወሰደ ሥራ ጊዜውን ሊመልሰው አይችልም። «ወዴት?» እና «ይመለሳል ወይ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ከግሱ ውስጥ ወጥተው ቀርተዋል። ወሰደ የጉዞ ግስ መሆኑን ትቶ ስምን ወደ ግስነት ለመለወጥ ብቻ የሚያገለግል ባዶ ረዳት ሆኗል። በዕለት ተዕለት ነገር ይህ ባዶነት ምንም አይደለም። በመንግሥት ቋንቋ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው።

5. «ተወረሰ»፣ «እርምጃ ተወሰደ»፣ «ተወሰዱ»

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ነሣ። በየጁና በራያ የተራበው ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ በየከተሞቹ ዳር ተኮለኮለ። በዚያው ዓመት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ መምህራን የረኃብተኞቹን ፎቶግራፍ አንሥተው በዩኒቨርሲቲው ለዕይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዛግብት የታተሙት በዚሁ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሁለቱም ግሦች በዚያ ዘመን ባንድ ሰው ላይ ሠርተዋል፤ ሰማይ ዝናብ ነሣው፣ ካሜራ ፎቶ አነሣው። ሥሩ አንድ ነው። በመጀመሪያው ያጣ ሰው በሁለተኛው ታየ።

አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31/1967፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጡ። አዋጆቹ «ማድረግ» አሉ። ሕዝቡ ግን «ተወረሰ» አለ። በአማርኛ ወራሽ የሚወርሰው የሞተን ሰው ነው። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ቤቱ ተወረሰ ሲባል፣ በዚያ ቤት ረገድ ባለቤቱ እንደሞተ ተቆጠረ ማለት ነው። ገበሬው ዘንድ ይህ ቃል ሌላ ድምፅም ነበረው፤ ለጭሰኛው የባላባቱ መሬት መወረስ የራሱ ልደት ነበርና። አንዱ ግስ ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው ርስት ሆነ። ከዚያ ወዲህ መሬት «ይዞታ» ተብሏል። ባለይዞታ ያዘ እንጂ አልወረሰም። መሬቱ ለመንገድ ወይም ለባቡር ሐዲድ ሲፈለግ ሕጉ «ይለቀቃል» ይላል፤ የያዘ ሰው ይለቃልና። ገበሬው ግን ስለዚያው መሬት ሲናገር «ተወሰደብኝ» ይላል። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ማሳ በሁለት ግሦች ይከራከራሉ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በራዲዮና በጋዜጣ ጎልቶ የተሰማው «እርምጃ ተወሰደ» የሚለው አባባል ነው። ቃል በቃል ከእንግሊዝኛው የተመለሰ ነው፤ በእንግሊዝኛ እርምጃን «ቴክ» ማለት አንድን ነገር ለማስተካከል ተገቢውን ማድረግ ነው። በአማርኛ እርምጃ የሚራመዱት እንጂ የሚወስዱት አይደለም። በዚያን ጊዜ ግን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ሆነ። የግሱ ባዶነት ሥራውን የሠራው እዚህ ላይ ነው። «ገደለ» ገዳይና ሟች ይጠይቃል። «እርምጃ ተወሰደ» ግን ገዳይም፣ መሣሪያም፣ ደምም የለበትም። ወዴት ተወሰደ? ይመለሳል ወይ? የሚሉት ጥያቄዎች ከግሱ ተሟጠው ስለወጡ፣ የሚጠይቅ እናት ወይም አባት ቢኖር እንኳ ዐረፍተ ነገሩ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረውም።

በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ተመለሰ። ከኅዳር 1977 እስከ ጥር 1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሠፈራ ዘመቻ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ የሚበዛውም ከወሎ፣ በአውቶቡስና በአውሮፕላን ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተጓጓዘ። ዶክተር አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በወለጋ በአንድ የሠፈራ ጣቢያ በነበሩት የወሎ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከሠፋሪዎቹ መካከል በችግር ተገፍቶ በራሱ ፈቃድ የተመዘገበም፣ ተስፋ ተሰጥቶት የሄደም፣ ተገድዶ የተጫነም እንደነበረ አሳይተዋል። የመንግሥት ጽሑፍ ሁሉንም «ሠፋሪ» ይላቸዋል፤ ግሱም «ሠፈሩ» ነው፤ አድራጊዎቹ እነርሱ ራሳቸው ናቸው።

በመርሳና በውርጌሳ ስለዚያ ዘመን ሲወራ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ሰዎች «ሠፈረ» የሚለውን ስለ ዘመዶቻቸው አይጠቀሙበትም። በፈቃዱ የተመዘገበውን «ሄደ» ይሉታል፤ ተገድዶ የተጫነውን «ወሰዱት» ይሉታል። ከአንድ ቤት ሁለት ሰዎች ባንድ ሳምንት ቢለዩ እንኳ ለአንደኛው «ሄደ»፣ ለሁለተኛው «ወሰዱት» ሲባል ሰምቻለሁ። ተራኪው ለማስረዳት አይቆምም፤ ግሱ ብቻውን ይበቃል። በዚህ አገባብ ወሰደ ጥንታዊ ባሕርዩን እንደ ያዘ ነው፤ መነሻና መድረሻ አለው፤ «ይመለሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄም በውስጡ አለ። ከተወሰዱት አንዳንዶቹ በእግራቸው ተመልሰዋል፤ ስላልተመለሱት «ቀረ» ይባላል።

ስለዚህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ሁለት ወሰደዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ በራዲዮ ሲነገር አድራጊውን የሚሸፍን ነው። ሌላው በገበያና በቡና ላይ ሲነገር አድራጊውን የሚያወጣ ነው።

6. «-በት» የሚለው ምስክር

እንግዲህ የተዋስነው አባባል የራሳችንን ግስ አጥፍቶታል ማለት ይቻላል? አይመስለኝም። ምክንያቱ በግሱ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው ትንሽ ምዕላድ ነው።

በአማርኛ ወሰደልኝና ወሰደብኝ የተለያዩ ናቸው። ጎረቤቴ እህሌን ወደ ወፍጮ ቢያደርስልኝ «ወሰደልኝ» እላለሁ፤ ሌባ ቢሰርቀኝ «ወሰደብኝ» እላለሁ። ተግባሩ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ እህል ከቤቴ ወጥቶ ሄዷል። «-ልኝ» እና «-ብኝ» ግን ለማን ጥቅም፣ በማን ጉዳት እንደሆነ ይለያሉ። እንግሊዝኛ ይህን ለመግለጽ ሌሎች ቃላትን መጨመር ይኖርበታል፤ «ቴክ» ለብቻው ዝም ይላል። በእኛ ዘንድ ግን የተጎዳው ሰው በግሱ ውስጥ ቦታ አለው።

አሁን «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚለውን እንደገና እንመልከት። ገዳዩ ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ግድያውም ወጥቷል። «-በት» ግን አልወጣም። አባባሉን ከእንግሊዝኛ የተረጎመው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አማርኛ ነውና ይህችን ምዕላድ ሳይቀጥል ማለፍ አልቻለም። በመሆኑም የሟቹን ጉዳት የሚናገር ምልክት ራሱ ሊሸፍነው በተሠራው አባባል መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ቀርቷል። ቃሉ የሸፈነውን ሰዋስው ገልጦታል።

7. መደምደሚያ

ከላይ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ እንግሊዝኛ በ«ቴክ» የጠቀለለውን አማርኛ ለወሰደ፣ ለያዘ፣ ለነሣ፣ ለአነሣ፣ ለተቀበለ፣ ለወረሰና ለእንካ አከፋፍሎታል። ክፍፍሉ የሚከተለው መለኪያ የወሳጁን እጅ ብቻ ሳይሆን የተወሰደበትን ሰው ሁኔታ ነው። ሄደ ወይስ ባለበት ተያዘ? የሁሉ ድርሻ ነበር ወይስ የአንዱ ሀብት? ፊት ለፊት በፈቃድ ተሰጠ ወይስ እንደ ሙት ንብረት ተወረሰ? ግሦቹ እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድመው መልሰው ይመጣሉ።

ለቋንቋ ተማሪዎቻችን የምመክረው የተዋስናቸውን አባባሎች እንዲያሳድዱ አይደለም። የምመክረው እንዲጠይቁ ነው። አንድ ዘገባ ወይም መመሪያ «ተወሰደ» ሲል፣ ጥንታዊውን ወሰደ አምጥቶ «ማን? ወዴት? በማን ላይ? ይመለሳል ወይ?» ማለት ይገባል። ዐረፍተ ነገሩ መልስ ካለው ደኅና ነው። መልስ ከሌለው የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲሁም በሀብሩና በሌላውም አካባቢ ያሉ አዛውንት ስለ 1966 እና ስለ 1977 ሲናገሩ የሚመርጧቸውን ግሦች እንዳሉ መመዝገብ አስቸኳይ ሥራ ነው። በመዝጋቢው እጅ «ወሰዱት» ወደ «ሠፈረ» ከተቃና ምስክርነቱ ጠፋ ማለት ነው።

የዚያ ተማሪ ደብተር ዛሬ በእጄ የለም። ቢኖር ኖሮ ቀዩን መስመር እሰርዘው ነበር። በኅዳጉ ላይም፣ ነሣ ጥንት ወሰደ ማለት እንደነበረ፣ የእርሱ ጥያቄም ከእኔ እርማት የተሻለ እንደነበረ እጽፍለት ነበር። ያልነበረንን ማንም አይነሣንም። «ዝናብ ነሣን» የሚል ገበሬ ዝናቡ የእርሱ እንደነበረ እየተናገረ ነው።